መብራቷ በርታ ነበር

ሻምበል ይማም መሞቱን የነገረኝ የሚኒባሱ ሾፌር ነው። መናኸሪያ ቆሜ እየጠበቅኩት ነበር። አዎ፣ እኔ! ስንት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ በዋዜማው ደወለልኝና፣ "ሞላ፣ ነገ መካነ ሰላም እገባለሁ። ከወንድሜም በፊት አንተን ነው የማገኘው። ጅራት ስር የምንነጋገረው ነገር አለን" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፣ ዘጋው። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። "ጅራት ስር" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔና ከእሱ በቀር በዚህ ከተማ የሚያውቅ የለም።

ሚኒባሱ ሲደርስ ተሳፋሪው እንደሌላው ቀን እየተጋፋ አልወረደም። መጀመሪያ የወረደው ሾፌሩ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። "የኮሎኔል ይማም ሰው አለ?" ብሎ ጮኸ። ሰው ኮሎኔል ይበለው እንጂ ለእኔ ሻምበል እንደሆነ ቀርቷል።

"እኔ ነኝ የምጠብቀው" አልኩት።

"ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያጽናህ" አለኝ። ከዚያ ራሱን ለማዳን እንደሚሟገት ሰው ያወርደው ጀመር። "ከአቀስታ ስንነሳ ጀምሮ ደረታቸውን ይዘው ነበር። በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነዋል። ጤና ጣቢያው እዚሁ ነው፣ ልመልስዎት ስላቸው 'ምንም አይደለም፣ ንዳ' አሉኝ። ሰዉም ለመናቸው። 'ያልፋል፣ አብሽር' አሉ። አንገታቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲል የተኙ ነው የመሰለን። ወላሂ የተኙ ነው የመሰለን!"

አላለቀስኩም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ኤዲያ! ዕድሜውን ሙሉ "አስቀድመህ ጥራ" እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆሞ "ያልፋል" ብሎ ይሞታል? ደግሞስ የእኔን ነገር ይዞብኝ ነው የሄደው። በዓለም ላይ ስሜን ሊያጠራልኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሚኒባስ ወንበር ላይ ቀረ።

ይህን ሰው ለብዙ ዓመት አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። አሁን እሱ የምለው ከአፌ ስላመለጠኝ አይደለም። አንቱታውን ያነሳሁበት ቀን አለ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ሳውቀው የሄሊኮፕተር ዋና አብራሪ ነበር፣ ማዕረጉ ሻምበል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣሁ ረዳት አብራሪ፣ መቶ አለቃ። የአገሬ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት በአንዲት ቃል ነው። ስተዋወቀው ደንግጬ ሰላምታዬ ሲንተባተብብኝ "አብሽር!" አለኝ። አይዞህ ማለቱ ነው፤ እዚያ ካምፕ ውስጥ እንዲህ የሚል ማን አለ? "ሻምበል፣ ወሎ ነዎት እንዴ?" ብዬ ስጠይቀው "ቦረና፣ መካነ ሰላም" አለኝ። እኔም መካነ ሰላም! ወንድሙን ጋሽ ሰይድን፣ የቆርቆሮና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴውን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ አልተለያየንም።

አጠር ያለ፣ እጁ ወፍራም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። የበረራ ልብሱ ኪስ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ከመነሳታችን በፊት እያንዳንዱን የመቆጣጠሪያ ሰዓት መስታወት በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ። "ምን እያደረጉ ነው?" ስለው "ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን እየጠየቅኩ" ይለኛል።

ጅራት ስር የሚባለው የእሱ ሥርዓት ነው። ከበረራ ስንመለስ ማንም ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ማንም ወደ ምግብ ሳይሄድ፣ ከሄሊኮፕተሯ ጅራት ስር ጥላው ላይ እንቆማለን፤ እሱ፣ እኔና ቴክኒሻናችን። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በዚያ በረራ ያጠፋውን ይናገራል። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጆሮዬን አላመንኩም ነበር። "ዛሬ ስነሳ ነፋሱን በደንብ ሳላይ ነው የተነሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፣ አንድ ተራ ረዳት አብራሪ ፊት! ቴክኒሻኑ አንድ ክዳን ሳያጠብቅ ሊተው እንደነበር ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ እኔም የራዲዮ ሞገድ መቀየር ረስቼ ለጥቂት ጊዜ ማንም እንደማይሰማን አመንኩ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ስቀብር ከኪሱ ቆሎ ዘገነና መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

"ጥፋቱን የተናገረ ሰው ይበላል" አለ እየሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ትቶ፣ "ይሄ ለበላይ ሪፖርት ይደረጋል። አትፍራ። ሰው ስለተናገረ ከቀጣነው ነገ የሚነግረን አናገኝም፤ ያን ጊዜ የሚነግረን ወድቆ የተሰባበረ ብረት ነው" አለ።

ስለ አደጋ ጥሪ ደግሞ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። አየር ላይ ችግር ሲገጥም በራዲዮ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ነገሩ አጣዳፊ ሆኖ ነፍስ ላይ ገና ካልደረሰ "ፓን ፓን" ይባላል፤ ነፍስ ላይ ከደረሰ "ሜይዴይ"። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። አብራሪ የሚሞተው ግን ቃሉ ጠፍቶት አይደለም፣ አፍሮ ነው። ፈራ እንዳይሉኝ፣ መብራቷ ብትጠፋስ፣ አለቃ ቢቆጣስ እያለ ከራሱ ጋር ሲከራከር ጊዜው ያልፋል። ሻምበል ይማም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

"ስማኝ ሞላ" ይለኛል፣ "'ልጥራ ወይስ አልጥራ' ብለህ ራስህን ከጠየቅክ መልሱ ጥራ ነው። የጠራኸውን በኋላ መሰረዝ ትችላለህ። 'ይቅርታ፣ ደህና ነን' ትላለህ፣ ይስቁብሃል፣ ያበቃል። ሳቅ የገደለው አብራሪ አላየሁም።"

እኔም አመንኩት። ምን ዋጋ አለው!

ያ ቀን እንዲህ ነበር። ወደ ወሎ ምዕራብ የመድኃኒት ሳጥኖች ማድረስ ነበረብን፤ የሚጠብቀን ደግሞ ትልቅ ሹም ነው። የሻምበል ይማም የሻለቃነት ማዕረግ በዚያው ሰሞን ይጸድቃል እየተባለ ይወራ ነበር። ጠዋት እኔ ሳጥኖቹን ሳስጭን እሱ ቴክኒሻኑን ከኋላ አስቀምጦ ማሽኗን ለሙከራ አንስቶ አሳረፋት። ጅራት ስር ቆምን። "ዛሬ ምንም የለኝም። ማሽኗ ደህና ናት" አለ። በሆዴ አይ የኔ ጌታ፣ ዛሬስ ንጹሕ ነው ብዬ ሳቅኩ።

ለጋምቦ ደጋ ላይ ስንደርስ ደመናው ተረተሩ ላይ ተኝቷል። ድንገት ከፊታችን ቀዩዋ መብራት በራች። የዋናው ካምቢዮ ዘይት ግፊት መብራት ናት። ካምቢዮው ማለት ከላይ የሚሽከረከረውን ትልቁን ክንፍ የሚያዞረው ነው፤ ዘይት ካጣ ይነክሳል፣ ከነከሰ ክንፉ ይቆማል፣ ክንፉ ከቆመ ወሬ ነጋሪም አይተርፍም። መብራቷ ጠፋች። መልሳ በራች፤ በርታም ቀረች።

ሻምበል ይማም መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

"ሻምበል፣ ልጥራ?" አልኩት።

"ቆይ። አትጥራ።"

"በርታ ቀርታለች እኮ!"

"ሽቦ ነው። ጠዋትም እንዲህ ብልጭ ብላ ጠፍታለች። ደርሰን እናየዋለን።"

ጠዋትም! ከመብራቷ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ቃል ነው። ጅራት ስር ቆሞ፣ ዓይኔን እያየ "ደህና ናት" ያለኝ መብራቷን አይቶ ነው።

"ሻምበል፣ 'ልጥራ ወይስ አልጥራ' ካልክ ጥራ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት!"

ፊቱን እንኳ አላዞረም። እኔም የራዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩና "ፓን ፓን፣ ፓን ፓን፣ ፓን ፓን" ብዬ ያለንበትን፣ መብራቷን፣ ወዲያው እንደምናርፍ ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልክድም።

አንዴ ከተጠራ ወዲያ ግን፣ ሐቁን አልነፍገውም፣ ነፍሳችንን ያተረፈው እሱ ነው። በደመናውና በተረተሩ መካከል አሾልኮ ከአቀስታ ወዲህ ካለ ግጦሽ ላይ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አሳረፋት። ገበሬዎች እየሮጡ መጡ። አንድ ሽማግሌ የያዙትን በርኖስ እኔ ላይ ደርበውልኝ "እናንተ ልጆች፣ ተርፋችኋል እኮ! አልሐምዱሊላህ በሉ!" አሉን።

ሽማግሌው ራቅ ሲሉ ሻምበል ይማም ጅራት ስር ጠራኝ። ቴክኒሻኑ ከሳጥኖቹ ጋር ነበር፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። "አብሽር ሞላ። ያደረግከው ትክክል ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የጠዋቱንም ጭምር እኔው ራሴ እናገራለሁ" አለኝ። ከኪሱም ቆሎ ዘገነልኝ። ያን ጊዜ ከአባቴ አስበልጬ ወደድኩት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ማሽኗ ተፈተሸች፤ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ መብራቷም አልበራ አለች። እንዲህ ያለ ብልሽት ሲያሻው መጥቶ ሲያሻው ይሄዳል። ማሽኗ አሮጌ ናትና መብራቷን መዝግቦ የሚያስቀር ነገር የላትም። ራዲዮው ላይ ያለው የኔ ድምፅ ብቻ ነው፣ ያውም የሚንቀጠቀጥ። ቴክኒሻኑ ከኋላ ስለነበር "አላየሁም" አለ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሻምበል ይማም አፍ ላይ ወደቀ።

አጣሪዎቹ ፊት ቀረብን። ተረጋግቼ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ይናገራላ! ሊቀመንበሩ "መብራት በርቷል ወይ?" ብሎ ጠየቀው። ሻምበል ይማም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ "እኔ ያየሁት መብራት የለም። መቶ አለቃው ደመናውን ሲያይ ደነገጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ፍርሃት ያዘው" አለ።

"ሻምበል፣ ይንገሯቸው እንጂ! ጠዋትም አይቻለሁ አላሉኝም?" ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና በዚያ በለመድኩት ለስላሳ ድምፅ "አብሽር ሞላ። ሰው ነህ፣ መፍራት ያለ ነው" አለኝ።

አንቱታውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ቃል ስሰማ ጆሮዬን ያመኛል። መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ አብሽር ሳይሰሙ መዋል ይቻላል እንዴ? ገበያው አብሽር፣ ቀበሌው አብሽር፣ ልጅህ ቢታመም አብሽር! በቀን ስንቴ እንደምታመም እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔን ከበረራ አገዱኝ፣ ቢሮ ለቢሮ አንከራተቱኝ፣ በመጨረሻም አሰናበቱኝ። እሱ ሻለቃ ሆነ፣ ቀጥሎም እስከ ኮሎኔልነት ደረሰ። ቴክኒሻኑ አንድ ጊዜ ደውሎ "አሁንም ጅራት ስር እንቆማለን። ግን ሁሉም 'ምንም የለኝም' ብሎ ይበተናል" አለኝ። ይህ ከኔ መባረር ይልቅ አንጀቴን በላው። አዲሶቹ አብራሪዎች የተማሩት ይህንን ነው፤ የጠራው ተባረረ፣ የካደው ተሾመ። ከዚያ በኋላ ቀይ መብራት አይቶ የሚጠራው የትኛው ሞኝ ነው?

አገሬ ገብቼ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር መጠገን ጀመርኩ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ገብቷል። አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሽቦ ልገዛ ብሄድ ከመደርደሪያው አምፖል አንስተው ሰው ፊት አበሩና "ይቺ ስትበራ ሁላችንም እናያታለን፤ አንተ ብቻህን የምታያት ዓይነት እንኳ የለንም" አሉኝ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "አምፖሉ" ሆነ። አምፖሉ መጣ፣ አምፖሉ ሄደ፣ አምፖሉ ዘንድ ሄደህ አስጠግን። ልጄ ከትምህርት ቤት "የአምፖሉ ልጅ" ተብላ እያለቀሰች ገብታ ታውቃለች። ሳቅ የገደለው አብራሪ አላየሁም ብሎኝ አልነበር? እውነቱን ነው፣ አልገደለኝም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው ያ ስልክ የተደወለው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሊናገርልኝ ነው፣ ወንድሙ ፊት፣ ከተማው ፊት "መብራቷ በርታ ነበር" ሊል ነው ብዬ ልቤ ቆመ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቷል፤ እንደ አገራችን ወግ። ከተሰገደበት በኋላ ጀናዛው ወደ መቃብር ሳይነሳ ጋሽ ሰይድ ቃሬዛው አጠገብ ቆሙ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

"ጀመዓ" አሉ፣ "ወንድሜ ሰው ነው። ያስቀየመው፣ ሐቁን የነካበት ሰው ካለ አፉ ይበለው፣ ይቅር ይበለው።"

"አፉ ብለናል! አፉ ብለናል!" አለ ሕዝቡ። ይህ የተለመደ ነው፤ ይባላል፣ ቃሬዛው ይነሳል፣ ይኬዳል። እኔም እንደ ሰዉ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ሐቅ አለኝ" አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። "አምፖሉ ነው" ሲል አንዱ ሰማሁት።

"መብራቷ በርታ ነበር" አልኩ። "እኔም አይቻለሁ፣ እሱም አይቷል። በዚያው ቀን ጠዋትም አይቶ ሸሽጓል። እናገራለሁ ብሎኝ ካደኝ። ያስተማረኝ ሰው ነው፣ ያስተማረኝን ስላደረግኩ ፈሪ አስባለኝ። ትናንት ሊያገኘኝ እየመጣ ነበር። ምን ሊል እንደነበር አላውቅም።"

"ጀናዛ ፊት እንዲህ ይባላል?" ብሎ አንዱ ጎረምሳ ተቆጣ።

አንድ ሽማግሌ ሼህ ግን እጃቸውን አነሱና "ተወው፣ ይናገር። ሐቅ ያለው ካለ ብለን የጠየቅነው እኛ ነን" አሉ።

ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። "እሺ፣ ሰምተናል። አሁን አፉ በለው" አሉኝ።

ልል ፈልጌ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ቃሏ ግን አልወጣችልኝም። ሰዉ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ቃሬዛውን አነሱ። ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁ፤ እስከ መቃብሩ ተሸከምኩት። አፉ ግን አላልኩትም።

ሐዘኑ ላይ ተቀምጠን ብዙ ሰው "ይቅርታ ሊጠይቅህ ነበር እኮ የመጣው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ "ያን ነገር ከእንግዲህ አታንሳው" ሊለኝ ይሆናል። እኔ እንጃ። የማውቀው ደረቱን ይዞ፣ ሰው እየለመነው፣ "ምንም አይደለም" እንዳለ ነው። አየር ላይም መሬት ላይም ያው ሰው ነው። ያበግነኛል። ደግሞ ይናፍቀኛል፤ ቆሎ የሚበላ ሰው ባየሁ ቁጥር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ ከዚያ መልሼ እበግናለሁ።

ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ጋሽ ሰይድ ወርክሾፔ መጡ። እግራቸው ደርሶ አያውቅም ነበር። የፈታሁት የወፍጮ ሞተር አጠገብ ቆመው ዘይት የነካውን ወንበር ሳይጠርጉ ተቀመጡበት።

"ወላሂ በርታ ነበር?" አሉኝ።

"በርታ ነበር፣ ጋሽ ሰይድ።"

ከዘራቸውን አገላበጡ። "ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ሳላጣራ፣ የወንድሜን ቃል ይዤ፣ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ልጅህንም እንዳስለቀስኳት ሰምቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አልኩ። ሳላስበው፣ አፋቸውን ሳይገጥሙ ነው የወጣልኝ። ቀብር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ጠብቆ ያጣት ቃል እንዲህ ቀላል ሆና ስትወጣ እኔም ገረመኝ። ተነስቼ ትከሻቸውን ሳምኳቸው።

እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ቀስ ብለው "ለይማምስ?" አሉኝ።

"አንቱ ጥፋትዎን ነገሩኝ፣ ጋሽ ሰይድ። እሱ ግን የነገረኝን ሰው ፊት ካደው።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"እውነትህን ነው፣ መቶ አለቃ" አሉኝ።